የአጎቴ መሬት ወዴት ሄደ?

ደብረ ኤልያስ ሲባል አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው ቅኔን ነው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ጨምሮ ስንቱ ደቀ መዝሙር አኩፋዳውን አንግቶ የተመላለሰበት አገር ነውና። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የሚገኘው ይህ ወረዳ በደቡብ በኩል ዓባይን ይዋሰናል። ደጋው ሜዳ ነው፤ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል። ወደ ዓባይ ሲወረድ ግን መሬቱ ይሰበራል፤ ማሳው ይዘማል፤ የመኪና መንገዱም ያልቃል። የእኔ ዘመዶች የሚኖሩት ከዚህ ከሚዘመው ወገን ነው። ቅኔውን ለባለቤቶቹ ትቼ ዛሬ የማወጋችሁ በዚያ መንደር ስለገጠመኝ የኮሳይን ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን አጎቴን ልጠይቅ ወርጄ ነበር። ቡናው ሳይፈላ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከሳጥን አስወጡና ሁለት ሰነዶች መደቡ ላይ ዘረጉ። አንዱ የቆየው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ ሁለተኛው ካርታ ያለበት አዲሱ ማረጋገጫ። ከማሳዎቻቸው አንዱ በአሮጌው ደብተር 0.40 ሄክታር ይላል። በአዲሱ 0.36 ሆኗል።

“አንተ፣ እስከ ፈረንጅ አገር ተሻግረህ የተማርህ!” አሉኝ። “እስቲ ይችን ንገረኝ። ወሰኑ ያው ወሰን፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ። ጎረቤቴም አልገፋኝ። መሬቴ ወዴት ሄደች?”

ነገሩን ያከበደው ደግሞ ሌላ ነበር። ከላይ በሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች መሬት እምብዛም አልቀነሰም። የቀነሰው የአፋፉ ሰዎች ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጎጃም ውስጥ ገመድ ይዞ ወደ ሰው ማሳ መግባት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በርስቱ ዘመን መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር ከአንድ አቅኚ አባት እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር፤ አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በሰፊው አጥንቶታል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ሲያምፅም ያስቆጣው ግብሩ ብቻ አልነበረም። መለካት ርስትን የመንጠቅ ዋዜማ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ተሸንሽኖ ታደለ። ያኔ ገና በጀርባ የታዘለ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ የእርሱ የመሬት ተስፋ ግን ውርስና ስጦታ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቱ መንደር ሀብት ማለት ምን ማለት ነው? ቤቱና ባሕር ዛፉ የባለቤቱ ስለሆኑ ቢሻው ይሸጣቸዋል። መሬቱን ግን ያርሰዋል፤ ያከራየዋል፤ በእኩል ይሰጠዋል፤ ለልጁ ያወርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ለማስያዝ ይፈቅዳል። ግብሩ፣ የማዳበሪያው ልክ፣ መንገድ ቢያልፍበት የሚከፈለው ካሳ ሁሉ የሚሰላው በሄክታር ነው። ስለዚህ 0.40 እና 0.36 ለአንድ ባላገር ከነጥብ በኋላ የተጻፉ ተራ ቁጥሮች ብቻ አይደሉም።

አሮጌው ቁጥር የመጣው ከገመድ ነው። በክልላችን የመሬት ምዝገባው በ1990ዎቹ ሲጀመር በስዊድን ድጋፍ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ጎረቤታችን በጎዛምን ወረዳ ያለው አዲስና ጉሊት ነበር፤ ሌላው በወሎ ገራዶ ነው። ሥራው በየወረዳው ሲስፋፋ ግን ሚሊዮኖችን ማሳዎች በዘመናዊ መሣሪያ መለካት ስላልተቻለ በብዙ ቦታ ኮሚቴው ገመድ ይዞ ወጣ። ገመድን አልንቅም፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ጠብ አስቀርቷል። ነገር ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። የቃጫ ገመድ ውኃ ሲጠጣ ይወፍራል፤ ያጥራልም። ቁመቱ ከመቶ ሁለት እጅ ቢያጥር፣ በእርሱ የተለካው ማሳ በርዝመትም በወርድም ስለሚጋነን፣ ስፋቱ ከመቶ አራት እጅ ያህል የበለጠ ይመስላል።

የአጎቴን ማሳ ያሳሳተው ግን እርጥበት አይመስለኝም። በማግሥቱ ከልጆቻቸው ከአንዱ ደብተር ጋር የነበረውን ፕሮትራክተር ተበድሬ፣ ከማዕከሉ በክር ትንሽ ድንጋይ አንጠልጥዬ፣ ቀጥ ባለ እንጨት ላይ አሰርሁና ማሳው ላይ ወረድን። እንጨቱን ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ስናደርገው ክሩ ከ90 ዲግሪው ምልክት በ25 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ አለ። (ይህን መሣሪያ ማንም የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል፤ ሞክሩት።) ማሳው ከላይ እስከ ታች በገመድ 80 ሜትር፣ በአግድሙ 50 ሜትር ነው። ሲባዛ 4,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.40 ሄክታር፤ አሮጌው ደብተር ልክ ነው። ካርታ ግን መሬትን የሚያየው ከሰማይ ቁልቁል ነው። ለካርታ 80ው ሜትር በ25 ዲግሪ ኮሳይን ተባዝቶ 72.5 ሜትር ይሆናል። በ50 ሲባዛ 3,625 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ አዲሱም ወረቀት ልክ ነው። በሜዳው ላይ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋና የዜሮ ኮሳይን 1 ስለሆነ የላይኞቹ መሬት እንደነበረ ቀረ። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ለሆነበት ሰው ቅነሳው ከመቶ 13 እጅ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለመሆኑ ገበሬው የሚያርሰው የተዘረጋውን መሬት ሆኖ ሳለ ካርታው ከሰማይ የሚያየውን ጥላ መለካቱ ፍትሐዊ ነውን? እኔም ይህን ጥያቄ ለአጎቴ ከመመለሴ በፊት ለራሴ መመለስ ነበረብኝ። ዝናብን እንውሰድ። ነፋስ ካላጋደለው ዝናብ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ ማሳ የሚቀበለው ውኃ የ3,625 ካሬ ሜትር እንጂ የ4,000 አይደለም። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 36,250 ሊትር ውኃ ያርፍበታል ማለት ነው። ፀሐይም ቢሆን በአገራችን ያን ያህል አትርቅም። ደብረ ኤልያስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከሩብ አካባቢ ስለሚገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ መገባደጃ በቀትር ጊዜ አናት ላይ ትውላለች። ለሰብሉ እንግዲህ የካርታው ልክ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ለበሬው ግን አይደለም። በሬዎቹ የሚሄዱት በ80ው ሜትር ላይ ነው፤ ዘሩም የሚበተነው በ4,000ው ካሬ ሜትር ላይ። አያቶቻችን መሬትን በጥማድ መቁጠራቸው በዚህ በኩል ሲታይ ጥልቅ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ እኛ አራቱን አንድ ሄክታር እያልን ወደ ስፋት ለወጥነው እንጂ በመሠረቱ የሥራ መለኪያ ነው፤ ጉልበትን በጊዜ ያባዛ መለኪያ። መሬቱ ሲከብድ ወይም ሲዘም ጥማዱ ያንሳል፤ ማነሱም ስሕተት ሳይሆን ራሱ መልእክቱ ነው። ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ቃል ስንጠራቸው ነው ጠቡ የሚነሣው።

አዲሱ ካርታ የተሠራበትን መንገድም ጥቂት ላስረዳ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በፊንላንድና በእንግሊዝ መንግሥታት ድጋፍ የተካሄደው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ በአብዛኛው የተመሠረተው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ለካሜራው ስለሚቀርብ ገዝፎ ይታያል፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ በመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ልክ ይታረምና ወሰንተኞቹ በተገኙበት ድንበሩ በላዩ ይሰመርበታል። ፎቶግራፉ በትክክለኛ ቦታው የሚቀመጠው ደግሞ በጂ.ፒ.ኤስ. በተለኩ ነጥቦች ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ይናገራሉ፤ መሣሪያው ምልክቱ የደረሰበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛልና የሰዓቱ ትንሿ ዝንፈት ድንበር ታዛውራለች። በአንስታይን ቲዎሪ መሠረት እነዚያ ሰዓቶች ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማሉ፤ እርማት ባይደረግበት ስሕተቱ በአንድ ቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርስ ነበር።

ሌላው ወጥመድ የመነሻ ነጥቡ ነው። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው፣ ስሙን በሱዳንና በግብፅ ጠረፍ ካለ ነጥብ ባገኘው መነሻ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓመታተ ምሕረት መግቢያ አሜሪካውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር በዓባይ ተፋሰስ ላይ ባካሄዱት ልኬታ ወደ እኛ ደረሰ። ጂ.ፒ.ኤስ. ደግሞ የራሱ መነሻ አለው። የሁለቱ ልዩነት በአገራችን ከ200 ሜትር ይበልጣል። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ የሚያደባልቁ ባለሙያ ቢያጋጥሙ የአንድን መንደር ማሳ በሙሉ አንሥቶ በጎረቤት መንደር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። የማሳው ስፋት ሳይነካ ቦታው ይሰደዳል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የስሕተት ጉዳይ ነው። በእጅ የሚያዝ ተራ ጂ.ፒ.ኤስ. በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ በተለይ የምድር መግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ አዮኖስፌር ምልክቱን ያውካል። (ለዶክትሬቴ ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ድረስ ሄጄ የዋልታውን ሰማይ ሳጠና የአጎቴ ሰማይ የባሰ አስቸጋሪ መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።) ጎኑ 500 ሜትር የሆነ ሰፊ እርሻ በየጎኑ 3 ሜትር ቢሳት የስፋቱ ስሕተት ከመቶ አንድ እጅ ጥቂት ያልፋል። ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ በዚያው 3 ሜትር ከመቶ 12 እጅ ይስታል። ይህ ማሳ ለአራት ልጆች ተቆርሶ ጎኑ 25 ሜትር ሲሆን ስሕተቱ ከመቶ 25 እጅ ይሆናል። በተከታታይ የተወሰዱ ነጥቦች ስሕተት በከፊል ስለሚጣፋ በተግባር ከዚህ ማነሱ አይቀርም፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። መሣሪያው ያው፣ ባለሙያው ያው ሆኖ ሳለ መሬቱ ባነሰ ቁጥር ስሕተቱ ይከብዳል። ወራሹ ትውልድ የሚቀበለው ደግሞ ያነሰውን መሬት ነው። ለትንንሽ ማሳዎች ተራውን መሣሪያ ትቶ የታረመ ፎቶግራፍ ወይም በሁለት ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ መጠቀም ስለዚህ ቅንጦት አይደለም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ኮሳይንን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ ውኃ ልክና ቱንቢ ከአንድ ግንበኛ ተዋስን። አምስት ሜትር ገመድ በአግድም ወጥረን፣ ከጫፉ ቱንቢ እየጣልን፣ እንደ ደረጃ እየተራመድን ቁልቁል ወረድን። አጎቴ ለየእርምጃው ጠጠር ይይዙ ነበር። አሥራ አራት ጠጠርና ሦስት ሜትር ሆነ፤ 73 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ ገመድ መሬቱ ላይ እያስተኛን ሽቅብ ለካን፤ አሥራ ስድስት ጠጠር፣ 80 ሜትር።

ጠጠሮቹን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ “ለዝናቡ ሰባ ሦስት፣ ለበሬዎቼ ሰማንያ፤ እንዲያ ነው አይደል?” አሉ።

“አዎ፣ እንዲያ ነው” አልኋቸው።

“እንግዲያው ለሁለቱ ልጆች በየትኛው ልክፈል?”

ይህ ከፊዚክስ ይልቅ የከበደኝ ጥያቄ ነው። ማሳው ከላይ ረጋ ያለ፣ ከታች ቀጥ ያለ ነው። በአግድም ከተቆረሰ አንዱ ልጅ መልካሙን፣ ሌላው ገደሉን ይወርሳል። ከላይ ወደ ታች በረጅሙ ከተቆረሰ ሁለቱም ከሁለቱም ይደርሳቸዋል፤ ነገር ግን ማሳው ስለሚቀጥን በሬው አግድም መዞር ያቅተዋል፤ ሽቅብና ቁልቁል ያርሳል። እያንዳንዱ ትልምም በክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። በገጠራችን ለፍትሕ ሲባል በረጅሙ የተቆረሰ፣ ከዚያም በቦረቦር የተበላ ተዳፋት ስንቱን አይቻለሁ።

ያን ዕለት አልወሰንንም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደዚያ መውረድ አልቻልሁም፤ የታናሽየውም ትምህርት ተቋረጠ። ባለፈው በስልክ ስጠይቃቸው መሬቱን አሁንም እንዳልቆረሱት ነገሩኝ። ልጆቹ አብረው ያርሱታል፤ አግድም ነው የሚያርሱት፤ ምርቱን አውድማ ላይ በቁና ይካፈላሉ።