«ፌር ትሬድ» ገበሬው ጋ ስንት ይደርሳል?

የቡና ፓኬት ላይ «ፌር ትሬድ» የሚል ምልክት ሲያይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ገበሬው ተጠቅሟል» ይላል። እስቲ ብሩን ተከትለን እንሂድ።

የፌር ትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰላው ገበሬው ጓሮ ሳይሆን ወደብ ላይ ነው። ለታጠበ አረቢካ እ.ኤ.አ. በ2023 በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል) ከ1.40 ወደ 1.80 ዶላር ከፍ ብሏል። ተቀባዩም ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ ነው፤ እንደ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያለ ማለት ነው። የማጠቢያው፣ የመኪናው፣ የባንኩ ወጪ ተቀንሶ ነው የቀረው ለገበሬው የሚደርሰው።

ታዲያ ከንቱ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የኒውዮርክ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ሲወርድ የፌር ትሬዱ 1.21 ዶላር ነበር። በየካቲት 2025 ግን ገበያው ከ4 ዶላር አለፈ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝቅተኛው ዋጋ ሥራ ይፈታል። የሚቀረው በፓውንድ 20 ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ ነው። ከዚህ ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርትና ለጥራት ማሻሻያ ይውላል፤ ሌላው ለትምህርት ቤት ይሁን ለውሃ አባላቱ በጉባኤ ይወስናሉ። እኔን የሚስበኝ ይሄኛው ነው፤ ቃለ ጉባኤ ስላለው ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ብዙም የማይወራው ደግሞ ይህ ነው፦ ማኅበሩ የምስክር ወረቀት ቢኖረውም የፌር ትሬድ ገዢ ካጣ ቡናውን በተራው ዋጋ ይሸጣል። የቁጥጥሩን ክፍያ ግን ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ጋ ለዘገባ ስንሄድ «ሰርተፊኬት አላችሁ ወይ?» ብቻ ብለን አንመለስ፤ ዘንድሮ ስንቱ ኩንታል በምልክቱ ተሸጠ?