የተቀዳ ሙዚቃ አይጠብቅም

ደብረ ታቦር የሠርግ ከበሮ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ሻፍል የሚባለውን የድራም ምት ሲማር ከሀ አይጀምርም። የሠርጉ ከበሮ ምት ችክችካውም ሻፍሉም አንዱን ምት ለሦስት ይከፍላሉ። ሻፍል የመሐሉን ዘሎ አንደኛውንና ሦስተኛውን ስለሚመታ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ይሄዳል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ረጅሙ 333፣ አጭሩ 167 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ይህን ቆጥሮ የሚመታ የለም፤ በጆሮ ነው የሚያዘው። ለዚህም ነው ልጆቹ ኤርፎን ሰክተው ከተቀዳ ዘፈን ጋር አብረው የሚመቱት።

እጅ ድምፁን ሰምቶ ቢነሳ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። አንጎል ግን ቀጣዩን ምት አስቀድሞ ይገምታል። እንዲያውም ሰው ከሜትሮኖም ጋር በጣቱ ሲመታ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ይቀድማል፤ ሙዚቀኞች ላይ ይህ ያንሳል። ሲስት ደግሞ ሳያስበው ቀጣዩን ምት ያርማል።

ችግሩ የሚመጣው ዘፈኑ ሲከብድና ልጁ በስልኩ ሲያዘገየው ነው። ስልኩ ሁሉንም እኩል ይለጥጣል፤ የረጅሙና የአጭሩ ምጣኔ ሁለት ለአንድ ከነበረ ሁለት ለአንድ ሆኖ ይቀራል። ሰው እንዲህ አይጫወትም። ፍሪበርግና ሱንድስትሮም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የጃዝ ድራመሮችን ቅጂ ለክተው ነበር፤ ሙዚቃው ሲዘገይ ክፍፍሉ እስከ ሦስት ተኩል ለአንድ ይሄዳል፣ በጣም ሲፈጥን ወደ እኩል ይጠጋል። ስለዚህ ፈጣኑን ከማዘግየት ቀድሞውኑ ዝግ ተብሎ የተቀዳ ዘፈን መፈለግ ይሻላል።

የደብረ ታቦር የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ተማሪ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም እዚህ ሥር የሰደደ ነው። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከበሮው በመረግድ ገብቶ በጽፋት ይፈጥናል። ዝግታውንም ፍጥነቱንም የሚሠራው ሰው ነው። ከበሮ መቺው ቢቀድም ማኅበሩ ይጎትተዋል፣ ማኅበሩ ቢጎተት እሱ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናትም ሁለት ሰዎች እየተደማመጡ በጣት ሲመቱ አንዱ መሪ፣ አንዱ ተከታይ ከመሆን ይልቅ ሁለቱም በየምቱ እንደሚተራረሙ አሳይቷል።

ቅጂ ይህን አያደርግም፤ ልጁ ቢስት ጥሎት ይሄዳል። ጥሩ ዳኛ ነው፣ ጓደኛ ግን አይደለም። ሻፍሉ እጁ ላይ ሲቀመጥለት ኤርፎኑን ይንቀልና አንድ ሰው ያስጨብጭብ፤ አጨብጫቢው ደግሞ ሳይነግረው ፍጥነቱን ይቀይርበት።