በለስላሳ መጠጦች የላቦራቶሪ ፍተሻ የአሲድ ድርሻ

በቦሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ለምግብና ለመጠጥ ምርቶች የላቦራቶሪ ፍተሻ አገልግሎት ይሰጣል። በፍተሻ ሪፖርት ላይ የሚሰፍር አንድ ቁጥር የምርቱን የገበያ ዕጣ ሊወስን ስለሚችል፣ አምራቾችና አስመጪዎች ቁጥሩ የሚገኝበትን መንገድ ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

መጠጥ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሶዲየም ቤንዞዌት በአብዛኛው የሚለካው በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። ናሙናው በተሸካሚ ፈሳሽ እየተገፋ፣ ቅባት መሰል ሽፋን ባላቸው የሲሊካ ቅንጣቶች በታጨቀ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ውኃ የሚስማማው ውህድ ቶሎ ይወጣል፤ ሽፋኑ የሚስማማው ይዘገያል። የውህዱ ማንነት በሚወጣበት ደቂቃ፣ መጠኑ ደግሞ በሚሰጠው ምልክት ይታወቃል።

ችግሩ ቤንዞዌት ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ነው። ፒኤች 4.2 ላይ ግማሹ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይኖረዋል፣ ግማሹ አይኖረውም። ሙል ያለው ክፍል ከውኃው ጋር ይፈጥናል። በዚህ ነጥብ አካባቢ የፈሳሹ ፒኤች በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ የመውጫው ደቂቃ ይቀያየራል፤ ቤንዞዌቱም በሌላ ውህድ ምልክት ላይ ሊደረብ ይችላል። መጠኑ ከልክ በላይ ሆኖ የሚነበበው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎች በተሸካሚው ፈሳሽ ላይ አሲድ ይጨምራሉ። 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ የውኃውን ፒኤች ወደ 2.7 ገደማ ያወርዳል፤ በዚያ ላይ ከቤንዞዌቱ 97 በመቶ ያህሉ ሙል አልባ ስለሚሆን ትንሽ መዛነፍ አያናጋውም። ተመሳሳይ መጠን ያለው አሴቲክ አሲድ 3.2 አካባቢ ስለሚቆም መጠባበቂያው ይጠባል። ፎስፎሪክ አሲድ በብርሃን ለሚለኩ መሣሪያዎች እጅግ ምቹ ቢሆንም ስለማይተን በማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል። ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይተናል፤ ሆኖም የማስ ስፔክትሮሜትሩን ምልክት ያደበዝዛል፣ ከመሣሪያውም በቀላሉ አይለቅም።

በኃይል ሰጪ መጠጦች ውስጥ የሚገኘው ካፌይን እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። በእነዚህ የፒኤች መጠኖች ሙል ስለማይዝ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ካፌይኑ በተለመደው ደቂቃ ወጥቶ ቤንዞዌቱ ብቻ ከቦታው ከተንሸራተተ፣ በቅድሚያ የሚመረመረው የተሸካሚው ፈሳሽ አሲድ ነው። በውጤቱ ላይ ጥያቄ ያለው ተገልጋይ የተሠራበትን የፍተሻ ዘዴና ቤንዞዌቱ ከመመሳከሪያው ጋር በአንድ ደቂቃ መውጣቱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ናሙና ሲያስረክብም በምርቱ ውስጥ ያሉትን ማቆያዎች ሁሉ በጽሑፍ ማሳወቁ ይመከራል።