የተፈረደላችሁ ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን

በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውሉ ነበር። «ቁራኛ» ይባላል። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ባለገንዘቡም ሥራውን ፈትቶ ባለዕዳውን ሲጎትት ይከርማል። ከሁለቱ የበለጠ የታሰረው ማን እንደሆነ አንዳንዴ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ዛሬ ያ ቀርቷል። አሁን ፍርድ ቤት ገንዘቡን ያስራል፤ ያውም በሌላ ሰው እጅ እንዳለ።

እንዴት? እንበልና ከእናንተ አንዱ 10 ኩንታል ስንዴ ለአንድ ነጋዴ በዱቤ ሸጠ። ዋጋው 60 ሺህ ብር ነው። ነጋዴው ዛሬ ነገ እያለ ዓመት አስቆጠረ። ገበሬው ከሰሰ፤ የወረዳው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ታዲያ የፍርዱን ወረቀት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቢቀመጥ ምን ያገኛል? ምንም። ፍርድ በራሱ እግር ሄዶ ብር ይዞ አይመጣም እኮ። ከፍርዱ በኋላ ሌላ ማመልከቻ አለ። የአፈጻጸም ማመልከቻ ይባላል። ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈ ግን ይህን መጠየቅ አይቻልም።

ነጋዴው «እጄ ላይ ምንም የለኝም» ሊል ይችላል። ነገር ግን እህል ለዱቄት ፋብሪካ አስረክቦ ፋብሪካው ገና 80 ሺህ ብር ያልከፈለው ቢሆንስ? ያ ገንዘብ የነጋዴው ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ለፋብሪካው ይጽፋል። ከዚህ ገንዘብ 60 ሺህ ብሩንና የክሱን ወጪ ለነጋዴው እንዳትከፍል፣ ወደ ፍርድ ቤት አስገባ ይለዋል። ቀሪው የነጋዴው ነው፤ አይነካም። ገንዘቡ ባንክ ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የት እንዳለ ፍርድ ቤቱ በሕልሙ አያይም። ባለዕዳውን አስቀርቦ ስለ ንብረቱ ሊጠይቀው ይችላል። ዋናው ፈላጊ ግን የተፈረደለት ሰው ነው። ነጋዴው እህሉን ለማን እንደሚያስረክብ፣ ገንዘቡን የትኛው ባንክ እንደሚያስቀምጥ ጠይቃችሁ በማመልከቻው ላይ ጻፉ።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ወረቀቱ ለእናንተ ቢመጣስ? አንድ ሰው በሬ ገዝቶ 15 ሺህ ብር ቀረበት እንበል። በሬውን የሸጠለት ሰውዬ በሌላ ነገር ተፈርዶበታል። አንድ ቀን መልእክተኛ ይመጣና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቶ፣ አስፈርሞ ይሄዳል። ገዢው ፊደል ያልቆጠረ ነውና ወረቀቱን ጣሪያ ሥር ይሰካዋል። በገበያ ቀን ሻጩ «ወንድሜ፣ ገንዘቤን» ሲለው ቆጥሮ ይሰጠዋል። ሰውዬው እኮ ቃሉን አክባሪ ነው፤ ክፋት የለበትም። ወረቀቱ ግን «ለእሱ እንዳትሰጥ» ይል ነበር። ፍርድ ቤቱ ያንኑ 15 ሺህ ብር እንደገና ሊያስከፍለው ይችላል። በሬው አንድ፣ ዋጋው ሁለት ጊዜ!

እናንተ አሁን ታነባላችሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳችሁ የማን ገንዘብ እንደታገደ፣ ስንት ብር እንደሆነ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ፈልጉ። ቃሉ ከከበዳችሁ አስተማሪ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። ዕዳ ከሌለባችሁ ወይም የመክፈያው ጊዜ ካልደረሰ በቀጠሮው ቀን ቀርባችሁ ይህንኑ ተናገሩ። ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ወደ ፍርድ ቤት ያስገባችሁት ገንዘብ ለሻጩ እንደከፈላችሁ ይቆጠራል። ደረሰኙን ግን አደራ!

የተፈረደባችሁ እናንተ ብትሆኑስ? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404 የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የቤተሰቡ ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ አይያዝም። የእርሻ መሣሪያ አይያዝም። ፍርድ ቤቱ ለኑሮ ያስፈልጋሉ ያላቸው ከብቶችና ዘር፣ ለቤተሰቡም የ3 ወር ቀለብ አይነኩም። በደመወዝ ለሚኖር ልጃችሁም ከደመወዙ 3 እጅ 2ቱ ይቀርለታል፤ ደመወዙ በጣም ትንሽ ከሆነ ጭራሽ አይነካም።

ስለዚህ ሰው መጥቶ ጥማድ በሬዎቻችሁን ቢመዘግብ ዱላ አታንሡ። በሬዎቹ የምታርሱባቸው መሆናቸውን ጽፋችሁ ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት ቶሎ አመልክቱ። ይህ የሚሆነው ግን ከሐራጁ በፊት ነው። የተሸጠ በሬ ቄራ ከገባ በኋላ ማመልከቻ አይመልሰውም።