ዜማ በዓይን ሲታይ

ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሳለው የአፍሪካ ካርታ ነው፤ ሲበዛ ፕሮጀክተር። እኔ ግን ዛሬ ጋይንት ልውሰዳችሁ። ከደብረ ታቦር ወጥቶ ጉናን እየታከከ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ ያደርሰናል። ድጓ የተማረ ሰው መምህርነቱን የሚያስመሰክርባት ቤተልሔም ያለችው በዚህ አገር ነው።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት፣ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የሚዜም ወፍራም መጽሐፍ ነው። ዜማው ለረጅም ዘመን ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት አበጁለት። ድምፅ በዓይን ታየ ማለት ነው!

እስቲ አንድ ገጽ ግለጡ። መስመሮቹ ራቅ ራቅ ብለው ተጽፈዋል፤ በመካከላቸው ደቃቅ ምልክቶች ሰፍረዋል። ይዘት ነጥብ ናት፤ ድምፁን ያዝ ታደርጋለች። ድፋት ወደ ታች የተደፋች ቅስት ናት፤ ድምፁም አብሯት ዝቅ ይላል። ደረት ደግሞ ግልባጯ ናት፤ ዜማውን ወደ ደረት ታወርደዋለች። ርክርክ በነጥብ ላይ ነጥብ ነው፤ ድምፁ እየተርገበገበ ይወርዳል። ስሙን የሰማ፣ ቅርጹን ያየ፣ ሥራውን ለመገመት አይቸገርም። በዚያ ላይ መምህራኑ ጭረት የተባለውን ምልክት ከክርስቶስ የግርፋት ሰንበር፣ ርክርክን ከደሙ ነጠብጣብ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አለን ፓይቪዮ ቃልና ምስል ሲጣመሩ ትውስታ ይጠነክራል የሚለውን ሐሳቡን በመጽሐፍ ያወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። የኛዎቹ ታሪክም ጨምረውበታል።

ደግሞ የፊደል ምልክቶች አሉ፤ እነዚህስ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ተማሪው ከሚያውቀው ዜማ አንድ ሁለት ፊደል ይቆነጠርና ከአዲሱ ቃል በላይ ይጻፋል። «እንደዚያኛው በለው» ነው ነገሩ።

ታዲያ ምልክቱን ያየ ሁሉ ያዜማል? በፍጹም። ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ነጥብና ቅስት ብቻ ያያል። ምልክቱ ጆሮ የሰማውን ያስታውሳል እንጂ መምህሩን አይተካም፤ ፕሮጀክተር ሲገዛ መምህሩ የተገዛ ለሚመስላቸው ሰዎች ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ምልክቱ የሚሰፍርበት ቦታ ነው። ተማሪው ሊስት በሚችልበት ቃል፣ እዚያው አናቱ ላይ! ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣ ቻርት ይህን አይችልም። ቅነሳ ስንሠራ የተበደርነውን አሥር ከቁጥሩ በላይ በትንሹ የምንጽፈውስ ለምን ይመስላችኋል? ዘዴው ያው ነው።

ምልክቶቹ ኮምፒውተር ውስጥም ገብተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ የሆነው ዩኒኮድ አሥሩን መዝግቧቸዋል። ችግሩ፣ እንዲሁ ሲተየቡ እንደ ማንኛውም ፊደል ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ቃሉ አናት ላይ ለማውጣት ገጹን የሚያቀናብረው ሰው ለብቻው ሊደክምበት ይገባል።