ብስክሌትን ከሌባ፥ ነፍስንም ከቀማኛ ስለ መጠበቅ

ብስክሌት ገብስ የማይበላ፥ ውኃም የማይጠይቅ በቅሎ ነው ቢሉ ሐሰት አይሆንም። ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደውን መንገድ፥ ሜዳ እንደ ሆነ፥ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል። አስተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ አናጢው ወደ ሥራው በእርሱ ይገሰግሳል። ነገር ግን በቅሎ እንግዳ ሰው ሲቀርባት ትራገጣለች፤ ብስክሌት ግን ለባለቤቱና ለሌባው እኩል ይታዘዛል። ደግሞም ሌባው የሚሸሽበትን እግር የሚሰጠው ያው የተሰረቀው ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለ ብስክሌት ሁሉ ሁለት ነገር አስቀድሞ ሊማር ይገባዋል፤ ይኸውም ብስክሌቱን ከሌባ የሚጠብቅበትን ብልሃትና፥ በመንገድ ቀማኛ ቢያገኘው ነፍሱን የሚያድንበትን ጥበብ ነው።

የብስክሌት መሰረቅ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ያስተውል። በኢጣልያ አገር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የሚባል ሰው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. «የብስክሌት ሌቦች» የተባለ ሲኒማ ሠርቶ አሳይቶ ነበር። ነገሩም እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ አጥቶ የኖረ አንድ የሮማ ድኻ፥ በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ አገኘ። ሥራው ያለ ብስክሌት አይሆንምና፥ ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ አስይዛ በመያዣ የነበረውን ብስክሌት አስለቀቀችለት። በመጀመሪያውም የሥራ ቀን፥ እርሱ ከመሰላል ላይ ሆኖ ወረቀት ሲለጥፍ፥ ሌባ ወሰደበት። ከትንሽ ልጁ ጋራ ከተማውን ዞሮ ዞሮ ቢያጣው፥ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሞከረና በልጁ ፊት ተያዘ። የብስክሌቱም ባለቤት ልጁን አይቶ አዘነና ለቀቀው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሌባ ከብረትና ከጎማ ጋራ የአንድን ቤት እንጀራና የአንድን አባት ክብር ጨምሮ እንደ ወሰደ ልብ ማለት ይገባል።

እኔም ከዚህ ዕጣ አላመለጥሁም። በጉልማስነቴ ጊዜ ደብዳቤ ላደርስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፥ «ወረቀቱን ሰጥቼ ወዲያው እመለሳለሁ» በማለት ብስክሌቴን ሳልቆልፍ ከግንቡ አስደግፌው ገባሁ። ስወጣ ግንቡ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ለፖሊስ ባመለክት «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ብስክሌት ቁጥር እንዳለው ስንኳ አላውቅም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሌቦች እጅ ከተያዙት ዕቃዎች መካከል አንድ ጥቁር ብስክሌት አሳዩኝ። ኮርቻውም መሪውም የኔን ይመስላል፤ ሆኖም «የኔ ነው» ብዬ ለመማል ሕሊናዬ አልፈቀደልኝምና ባዶ እጄን ተመለስሁ። የኔ ኖሮ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያ ሌባው ወሰደብኝ፤ ሁለተኛ ግን አለማወቄ አስቀረብኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥበቃ ደብተርና እርሳስ ነው። በብዙው ብስክሌት ላይ ሲሠራ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ብስክሌቱን ሲገለብጡት በሁለቱ ፔዳሎች መካከል ካለው ብረት ሥር ነው። ጭቃውን ጠርጎ ቁጥሩን፥ የብስክሌቱን ስም፥ ቀለሙንና ያለበትን ጭረት ሁሉ መጻፍ፥ የተገዛበትንም ደረሰኝ አብሮ ማኖር ያስፈልጋል። የእጅ ስልክ ያለው ሰው ፎቶግራፍ ያንሣው። ቁጥር የሌለው ከሆነም ባለቤቱ በስውር ስፍራ ምልክት ይቅረጽበት። በጃፓን አገር ባለ ብስክሌት ሁሉ ብስክሌቱን እንዲያስመዘግብ በሕግ ታዝዟል፤ የመዝገቡም ምልክት በብስክሌቱ ላይ ይለጠፋል።

ሁለተኛው ጥበቃ ቁልፍ ነው። ሌባ ሰው እንዳያየውና ጊዜ እንዳያጥረው ይፈራል፤ መልካም ቁልፍም ሥራውን ያስረዝምበታል፥ ድምፅም ያሰማበታል። ቀጭን የሽቦ ገመድ በመቁረጫ በአንድ አፍታ ይበጠሳል፤ ወፍራም ሰንሰለት ከብርቱ ጓጉንቸር ጋራ፥ ወይም እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው የብረት ቁልፍ ይሻላል። ሰንሰለቱን በፊተኛው ጎማ ብቻ የሚያስር ሰው ይሳሳታል፤ ሌባው ጎማውን ፈትቶ ትቶ የቀረውን ይዞ ይሄዳልና። ጎማውንና ዋናውን ብረት በአንድነት አስተባብሮ፥ ከማይነቀል ምሰሶ ጋራ፥ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ማሰር ይገባል። ሌሊት ግን ከቤት ውስጥ ይደር። ቁልፍንም ፈጽሞ መታመን አይገባም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ብርቱ ነው ተብሎ የተሸጠ መክፈቻው ክብ የሆነ የብስክሌት ቁልፍ፥ በተራ እስክሪብቶ ቀፎ ሲከፈት ታይቶ፥ ሠሪዎቹ ለገዢዎቹ በሌላ ለውጠው ሰጥተዋል።

ሦስተኛው ጥበቃ በገዢው እጅ ያለ ነው። ማንም የማይገዛው ዕቃ ቢሆን ሌባ ለምን ይደክም ነበር? ደረሰኝ የሌለውን፥ ቁጥሩ የተፋቀውን፥ ዋጋውም እጅግ የረከሰውን ብስክሌት በምሽት የሚገዛ ሰው፥ የጎረቤቱን እንባ በርካሽ ገዛ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፥ በአንቀጽ 665 የሰረቀው እንደሚቀጣ፥ እንዲሁም በአንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ የገዛውና የሸሸገው ይቀጣል።

አሁን ደግሞ ስለ ቀማኛ እንናገር። ሌባ ከዓይን ይሸሸጋል፤ ቀማኛ ግን ፊት ለፊት ይመጣል። የሚጠብቀውም ጋላቢው ፍጥነቱን በሚያጣበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም ዳገት ላይ፥ ጠባብ ድልድይ ላይ፥ ወይም ቁጥቋጦ መንገዱን ባጠበበበት ነው። ስለዚህ ከመምሸቱ በፊት መግባት፥ ገንዘብ በተያዘ ቀን መንገድና ሰዓት መለወጥ፥ ገንዘቡንም ለማንም አለማውራት ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጓደኛ ይዞ መሄድ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና። የማይታወቅ ሰው «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ ቢጣራ፥ ሰው ወዳለበት ደርሶ ማየት ይሻላል። በመንገድ ላይ ገመድ የተዘረጋ ወይም ግንድ የተጋደመ ቢታይ፥ ከሩቅ ተመልሶ ወደ መንደር መሸሽ እንጂ ቀርቦ መመርመር አያሻም።

መሸሻ ቢጠፋ ግን ወርዶ ብስክሌቱን በራስና በቀማኛው መካከል ማቆም፥ የጠየቀውንም ሰጥቶ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። ብዙ ሰው «ወንድ ልጅ ንብረቱን ለቆ አይሸሽም» በማለት ለብረት ሲታገል ነፍሱን አጥቷል። ብስክሌት በገንዘብ ይተካል፤ ለሞተ አባት ግን ልጆቹ ምትክ አይገዙለትም። የቀማኛውን መልክ፥ ልብስና የሄደበትን አቅጣጫ ልብ ብሎ ወዲያው ለፖሊስ መናገር፥ ይህ ነው ጀግንነት።

ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት የምትሄድ ሴት ልጅ ግን ከዚህ የከፋ ጠላት አላት፤ ቀማኛ ብስክሌቱን ሲፈልግ ጠላፊ እርሷን ይፈልጋልና። እርሷ ከባልንጀሮቿ ጋራ ትሂድ፤ አደጋ ብታይ ብስክሌቱን ጥላ «ኡኡ» እያለች ወደ ሰው ትሩጥ። ብስክሌቱ በመጥፋቱ ማንም እንዳይቈጣት ከቤት ሳትወጣ ይነገራት። ይህን ያልሰማች ልጅ ቁጣ ፈርታ ብስክሌቱን ስትጠብቅ ትያዛለች። ጠለፋም በዚያው ሕግ በአንቀጽ 587 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ አንድ ሰዓት ለይታችሁ፥ ብስክሌት ያለው ተማሪ ሁሉ ቁጥሩን ፈልጎ እንዲጽፍ አድርጉ፤ አንዱንም ግልባጭ በትምህርት ቤቱ አኑሩ። ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተ ደግሞ ልጆች በየትኛው መንገድ በአንድነት እንዲሄዱ ምከሩ፤ የተያዘም ሌባ ቢኖር በጎበዞች ዱላ እንዳይጠፋ ለሕግ አሳልፉት፤ የሮማውን አባት የማረው ሰው ምክንያት ነበረውና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፥ የዛሬው ሥራ ዛሬ ይሠራ። ብስክሌቱን ገልብጦ ቁጥሩን መጻፍ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።