የጋይንት አዛውንት ስንት ዓመታቸው ነው?

ጃፓናዊው ጂሮኤሞን ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1897 በአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። ከ40 ዓመት በላይ በፖስታ ቤት አገልግለው፣ ከጡረታም በኋላ እርሻ ሲያግዙ ኖረው፣ በ2013 በ116 ዓመታቸው አረፉ። ዕድሜያቸው በማስረጃ ከተረጋገጠ ወንዶች ሁሉ ረጅሙን የኖሩት እሳቸው ናቸው። ዓለም ይህን ያመነው አገራቸው ከ1872 ጀምሮ እያንዳንዱን ቤተሰብ በመዝገብ ስለያዘች ነው። በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ግን አንድ አዛውንት «መቶ አልፌያለሁ» ቢሉ፣ ሰሚው ወይ እጅ ይነሳል ወይ በሆዱ ይጠራጠራል፤ የሚመረምር የለም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አዛውንቶች ዕድሜ ግን ቢጠየቅ የሚገኝ ነው።

ወረቀት ባይኖርም ዘመን የሚቆጠርበት ሥርዓት አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ፣ የተወለዱበት ቀን የየትኛው ታቦት እንደነበር ከቤተሰቡ አይጠፋም። የሚጠፋው ዓመቱ ነው። እሱንም ቢሆን በእንቁጣጣሽ የሚታወጀው የወንጌላዊ ዘመን በአራት በአራት ዓመት ይከፋፍለዋል። «በዘመነ ሉቃስ ተወለድኩ፤ ራስ ጉግሣ ሲወድቁ ጥጃ እጠብቅ ነበር» የሚሉ አዛውንት ቢገኙ እንበል። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አውሮፕላን ቦምብ በጣለበት በአንቺም ጦርነት የወደቁት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ለዚያ የሚቀርቡት ዘመነ ሉቃስ 1907፣ 1911፣ 1915 እና 1919 ናቸው። የ1919ኙ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፤ የ1911ዱ ከጥጃ አልፎ ከብት ያግዳል፤ የ1907ቱ ሞፈር ጨብጧል። ጥጃ ጠባቂው የ1915 ልጅ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 102 ዓመት ይሆነዋል። የእኩያና የክርስትና ልጅ ምስክርነት ሲታከልበት ደግሞ ስሌቱ ይጠነክራል።

ሽማግሌ ለክብሩ ዕድሜ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የኦሮሚያ አርሶ አደር 160 ዓመት እንደሞላቸው መናገራቸው በዓለም ተሰምቶ ነበር፤ በማስረጃ የታወቀው ትልቁ የሰው ዕድሜ ግን የፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን 122 ነው። የምርመራው አስፈላጊነት እዚሁ ላይ ነው፤ የተጋነነውን ይጥላል፣ እውነተኛውንም ከሐሜት ያድናል። ወረቀትም ይዋሻል የሚሉ አሉ። በእርግጥ 120 ዓመት ኖሩ የተባሉት የጃፓኑ ሺገቺዮ ኢዙሚ፣ መዝገቡ የሟች ወንድማቸው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ክብረ ወሰናቸው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010ም በዚያው በጃፓን በመዝገብ በሕይወት ያሉ የሚመስሉ ከ230 ሺህ በላይ የመቶ ዓመት ሰዎች የት እንዳሉ አልታወቀም። ስሕተቱ የታየው ግን መዝገብ ስለነበረ ነው። ገብሱና የደጋው አየር ዕድሜ ያረዝማሉ የሚለው የተወደደ ወሬም፣ መጀመሪያ ዕድሜው ካልታወቀ ሊፈተን አይችልም።

የልደት ምዝገባ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጻፍም ሥራው ለሌላ ጊዜ ተላልፎ፣ አዋጁ በ2004፣ አገር አቀፍ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጣ። ዛሬ የሚወለደው ሕፃን ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። የአንቺምን አውሮፕላን ያዩት ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ እኩዮቻቸውም አብረው እያለፉ ነውና ቀበሌው ከካህኑ ጋር ቁጭ ብሎ ቃላቸውን የሚጽፍበት ጊዜ አሁን ነው።